ነጩ ሻርፕ በሮም ባቡር ጣቢያ

ዛሬ ሮም ውስጥ፣ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ጣቢያ፣ የወንድሜን ልጅ ነጭ ሻርፕ ከአንገቷ መንጭቄ ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩት።

ባቡሩ ከጨለማው እያጓራ ሲመጣ ነው።

«ኧረ አጎቴ፣ ምን ሆነዋል? ባቡር እኮ ነው! ሰው እያየን ነው!»

«ይዩና፤ አላስከፍላቸውም» ብዬ ቀለድኩ። ሻርፑን ግን ከብብቴ አላወጣሁትም።

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ ላይ የጦር አውሮፕላን ሲያጓራ መጀመሪያ የምንደብቀው ነጭ ልብስ ነበር፤ ከሰማይ ይታያላ። ጋቢያችንን ጭቃ ውስጥ እንነክረው ነበር።

አባቷ፣ ወንድሜ፣ የሞተው ለገበያ ብሎ ጋቢውን ያጠበ ቀን ነው። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አየው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡሩ ውስጥ ነገርኳት። ስንወርድ ሻርፑን መለስኩላት። አልለበሰችውም፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እናንተንስ ባሕር ተሻግሮ የተከተላችሁ ድምፅ የትኛው ነው?