የእኔም ደም ይመርመር

አብነት ሰፈር ካለው የግራናይት መቁረጫ ቤት የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። እያደር ግን ሥራው በዛ። ወንዶቹ ድንጋዩን በማሽን ሰንጥቀው ሲያወጡት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት የማለሰልሰው እኔ ሆንኩ። ላዩ ላይ የተኛውን ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር የማራግፈውም እኔ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ የምጠርገውም እኔ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ልደታ ቤቴ ስደርስ ልጄ በር ላይ ታስቆመኝና ሻሼን ተቀብላ ታራግፍልኛለች።

«እማዬ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትሠሪው?» ብላ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። አቧራ አይደል? ይታጠባል ብዬ።

ከቆራጮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ማሳል ጀመሩ፤ ቲቢ ነው ተባሉ። መድኃኒቱን ጨርሰው ሲመለሱም ሳላቸው አልተዋቸውም። እንደገና ቲቢ ተባሉና እንደገና መድኃኒት ዋጡ። በመጨረሻ ከታክሲ ወርደው እኛ ጋ እስኪደርሱ ሦስት ቦታ መቆም ሲጀምሩ አንዲት የሳንባ ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ሐኪሟ ራጃቸውን አየችና፣ «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ነገሩ ለካ ቲቢ አልነበረም፤ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባቸውን አቁስሎ አድርቆት ኖሯል። የተጎዳው አይመለስም ተባሉና ቤት ዋሉ።

ሐኪሟ በዚያ አልተወችውም። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የበረዶ ሳጥን አሲዛ እኛው ዘንድ መጣች። ማሽኖቹ ቆመው ሁላችንም ተሰበሰብን።

«ይሄ በሽታ በራጅ እስኪታይ ድረስ ብዙ ጊዜ ይደበቃል» አለችን። «ሳንባ ውስጥ መቆየት ያለበት ፕሮቲን አለ። ብናኙ ሳንባን ሲያቆስል ያ ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስሳል። ደማችሁ ውስጥ በዝቶ ካገኘነው ምልክት ነው። እሱን ብቻ አይተን ታማችኋል አንልም፤ ማንን ቀድመን በደንብ ማየት እንዳለብን ግን ይነግረናል።»

የቤቱ ባለቤት፣ አለቃ ነው የምንለው፣ የስምንቱን ቆራጮች ስም ጽፎ ሰጣት። እነሱ ተራ በተራ ክንዳቸውን ሲሰጡ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ስምንተኛው ሲነሳ አላስችል አለኝ።

«የእኔስ?» አልኩ።

አለቃ ዞሮ አየኝ። «አንቺ ደግሞ! ማሽን አትነኪ፣ ምን እንዳትሆኚ ነው?» ቆራጮቹ ሳቁ።

ፊቴ ጋለ። ግን ወደ ኋላ አላልኩም። «አለቃ፣ እነሱ ቆርጠው ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ። የቆረጡትን ብናኝ እንደገና አስነስቼ የምተነፍሰው እኔ ነኝ። የእኔም ደም ይመርመር!»

ሐኪሟ ኮምፕሬሰሩን አየችው። «በዚህ ነው የሚያራግፉት? እስቲ ያሳዩኝ።»

ቱቦውን አንስቼ አንድ ጊዜ ለቀቅኩት። ቤቱ ነጭ ሆነ። ሐኪሟ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና እየሳለች ወደ በሩ ሸሸች። ስትመለስ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ይቀመጡ። እጅጌዎን ይሰብስቡ» አለችኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። ሄድኩ። ከዘጠኛችን ያ ፕሮቲን ከሁሉ በዝቶ የተገኘው የማን ደም ውስጥ ነው? የእኔ። ከቆራጮቹም ሁለቱ ከፍ ያለባቸው ነበሩ፤ እንደ እኔ ግን አልነበረም። ራጅ አነሱኝ፤ ራጁ ንጹሕ ሆነ።

«እንግዲያው ደሙ ተሳስቶ ይሆናል» አልኳት፣ ልቤ ቶሎ ሊያርፍ ፈልጎ።

«ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በሲቲ ስካን የምናየው።»

ሲቲ ስካኑ ላይ ታዩ። በላይኛው የሳንባዬ ክፍል የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች። በቱቦ ሲያስነፉኝ ግን ትንፋሼ ገና ደህና ነው። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ይስሙኝ። የሚያድን መድኃኒት የለኝም። ግን በጊዜ ነው የደረስንበት። ከዛሬ ጀምሮ ብናኙን ካልተነፈሱት በሽታው እዚሁ ሊቆም ይችላል። ጋሼን እዚህ ደረጃ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም።»

ያን ቀን እያለቀስኩ ገባሁ። ልጄ ሰምታ፣ «ነገ እንዳትሄጂ! ሥራው ይቅር» አለች። ልቀርም ነበር። ግን አሰብኩት፤ እኔ ብቀር በማግሥቱ ሌላ ሴት ትቀጠራለች፣ ያንኑ መጥረጊያ ይሰጧታል፣ ደሟን የሚያይላት የለም። ጠዋት የሲቲ ስካኑን ፖስታ በብብቴ ይዤ አለቃ ፊት ቆምኩ።

ሐኪሟ የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁ ቀጠነ። «እህቴ፣ ምን ላድርግ? ማሽኑ እኮ ውሃ እያፈሰሰ የሚቆርጥበት ቱቦ አለው። የዘጋሁት ውሃ ስለሌለ ነው። በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ቀኑን ሙሉ እንዴት እቆርጣለሁ?»

«አንድ ጊዜ ያፈሰስነውን ለምን እንደፋዋለን?» አልኩት። «እኔ ቤት ልብስ ያጠብኩበት ውሃ ወለል ያጥባል፣ ከዚያ ለሽንት ቤት ይሆናል። ሦስት በርሜል ስጠኝ። ጭቃው አንዱ ላይ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይፈስሳል፣ ከሦስተኛው በፓምፕ ወደ ማሽኑ እንመልሰዋለን።»

ፖስታውን መለሰልኝና፣ «እስቲ እንሞክረው» አለ።

የመጀመሪያው ቀን ጭቃው ቱቦውን ደፍኖት ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ። ቆራጮቹ አጉረመረሙ፤ አንዱማ «የቤት እመቤት መሐንዲስ» ብሎ ጠራኝ። ቤቴ ገብቼ ከአቡጀዲ ድርብ ማጣሪያ ሰፋሁ፤ ልጄ ክር በመርፌ እየሰካች አገዘችኝ። በማግሥቱ አፍንጫዬንና አፌን ሐኪሟ በሰጠችኝ ማስክ ሸፍኜ ማጣሪያውን በበርሜሎቹ አፍ ላይ አሰርኩት። ፓምፑ ተነሳ። ማሽኑ ድንጋዩን ሲነክሰው የሚቦነው አቧራ የለም፤ ግራጫ ውሃ እየተንዠቀዠቀ ወደ በርሜሉ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ቆራጭ ውሃው የተረጨበትን ግድግዳ አየና፣ «ኧረ ግድግዳው አረንጓዴ ነው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፣ አረንጓዴ ነበር። ሰባት ዓመት ስሠራ ቀለሙን አላየሁትም።

ኮምፕሬሰሩ ከዚያ ቤት ወጣ። ድንጋዩ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ወለሉም በውሃ ይታጠባል። ለሁሉም ፊት ላይ ግጥም የሚል ማስክ መጣ። ሐኪሟ ደግሞ እኔ ጭራሽ ወደ መቁረጫው እንዳልጠጋ አዘዘች። አለቃ ከበሩ ወጣ ብሎ ባለው ክፍል ትእዛዝ ተቀባይ አደረገኝ። ኩሽና ለማሠራት፣ ደረጃ ለማልበስ የሚመጣውን ደንበኛ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ልኩን እጽፋለሁ፣ የድንጋዩን ቀለም አስመርጣለሁ።

ጋሼ ሰምተው በልጃቸው ተደግፈው መጡ። በሩ አጠገብ ወንበር አወጣንላቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅናቸው። ማሽኑ ሲቆርጥ ለረጅም ጊዜ አዩና፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬያችሁ ስሠራ ፊታችሁን እንዲህ ለይቼ አይቼው አላውቅም» አሉ። ቀጥለው እጄን ያዙ። «ጎሽ የእኔ ልጅ። እኔ ባላመልጥም እነዚህ ያመልጣሉ።» እዚያ የነበረ ወንድ ሁሉ የሚያየው ቦታ ጠፋው።

ዓመት ሲሞላ ዘጠኛችንም ደም ሰጠን፤ እኔ ሲቲ ስካኑንና የትንፋሽ ምርመራውንም ደገምኩ። ውጤቱን ልንሰማ ሁላችንም አብረን ሄድን፤ አለቃም ሥራውን ዘግቶ መጣ፣ ልጄም አልቀረችም። ሐኪሟ መጀመሪያ ቆራጮቹን ጠራች። የአንዳቸውም አልጨመረም፤ የሁለቱ እንዲያውም ወርዷል። ከዚያ እኔን አስገብታ በሩን ዘጋች።

«የደሙ ምልክት በጣም ወርዷል» አለች። «ነጠብጣቦቹ አልጠፉም፤ ግን አላደጉም፣ አልበዙምም። ትንፋሽዎ ያው ነው፤ ምንም አልቀነሰም።»

«ቆመ ማለት ነው?»

«እስካሁን ቆሟል። ክትትሉን አንተውም። ግን ቆሟል።»

በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ስወጣ ልጄ ዓይኔን አየችና ገባት። ሆስፒታል መሆኑን ረሳሁት። ከሆዴ የወጣ እልልታ አቀለጥኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ትንፋሽ ሳያጥረኝ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆኑ እናቴ? ምን ተፈጠረ?»

«ሳንባዬ!» አልኩት እየሳቅኩ። «ሳንባዬ ደህና ነው!»

ወረፋ የያዙ የማላውቃቸው ሴቶች ከወንበራቸው ተነስተው እልል አሉልኝ። ቆራጮቹ አጨበጨቡ። ጥበቃው ዝም እንድንል ሊነግረን እጁን አንስቶ ነበር፤ ትንሽ አመነታና እሱም አጨበጨበ።