ቀኙ የእኔ ነበር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሀዋሳ ከፒያሳ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጉድጓድ ሊሸሽ ብሎ መሀል መንገድ ገባ። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቀኝ! ቀኝህን ያዝ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ምንም አልመሰለውም፤ ጠጋ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ያቺን ቃል ጮክ ተብላ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም መስፍን ትዝ ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ሀዋሳ ያኔ የጋሪ ከተማ ነበረች። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ጋሪ ነጂ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሴት ልጅ ናት ሳይል አጠገቡ ያስቀምጠኝና ልጓሙን ይሰጠኛል፤ እሱ «ቀኝ» ሲለኝ ወደ ቀኝ እስባለሁ፣ «ግራ» ሲለኝ ወደ ግራ። ያደግኩት በዚህ ነው። ቃሉ ጆሮዬ ሲገባ እጄ እኔን ሳያማክር ይሄዳል።

ጋሽ ወልዴ የሚባሉ፣ ምጽዋ ላይ ባሕረኛ ሆነው የኖሩ ሰው ጡረታ ሲወጡ ሐይቃችን ዳር ሰፈሩ። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አራት ትንንሽ ጀልባ ከጣውላ ሠርተው፣ ከድንኳን ጨርቅ ሸራ ሰፍተው፣ ለከተማው ወጣቶች በነፋስ መሄድን ያስተምሩ ጀመር። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ዝም ይላል፤ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። እየተገለበጥን፣ እየተነሳን፣ ስንትና ስንት ውሃ ጠጥተን ለመድነው። ስንጨርስ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ሄደን ትኩስ ዓሣ በዳጣ እንበላለን። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፤ የውሃውን ብርድ ግን ከእሱ ሌላ የሚያስለቅቅ የለም።

ውድድሩ ከጥቅምት እስከ ሲዳማዎች ዘመን መለወጫ፣ እስከ ፍቼ ሰሞን፣ እሑድ እሑድ ይካሄድ ነበር። በመጨረሻ አንደኛ የወጣውን ጋሽ ወልዴ ባሕር ዳር ወስደው ጣና ላይ ሊያወዳድሩት ቃል ገብተዋል። አንድ ሰው ብቻ። እኔ ከሻሸመኔ አልፌ አላውቅም፤ በእንቅልፌ ሳይቀር ጣናን አየው ጀመር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሁለት ጀልባ ፊት ለፊት ሲገናኝ ነፋሱ ከቀኙ የሚነፍስለት ባለመብት ነው፤ ሌላው ይለቅለታል። ባለመብቱ «ቀኝ!» ብሎ ይጮኻል። ቀኙ የእኔ ነው፣ ልቀቅ ማለቱ ነው።

ኅዳር ላይ በመጀመሪያው ትልቅ ውድድር እመራ ነበር። አባቴ ጋሪውን ዛፍ ሥር አቁሞ ያየኛል። መዞሪያው ቢጫ ጀሪካን ጋ ልደርስ ስል መስፍን ከግራዬ መጣ። የፒያሳ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ሰው የሚወደው። ነፋሱ ከቀኜ ነው፤ መብቱ የእኔ ነው፤ መጮኽ የነበረብኝም እኔ ነኝ። እሱ ቀደመኝና «ቀኝ! ቀኝ!» አለ። እጄ የአባቴን ድምፅ የሰማ መሰለው። መሪውን ገፋሁት፣ ጀልባዬ ወደ ቀኝ ዞራ አፍንጫዋን ነፋሱ ውስጥ ሰካች፣ ሸራው ተርገበገበ፣ ቀጥ አልኩ። መስፍን እየሳቀ አለፈኝ።

ጋሽ ወልዴ ከዳር ሆነው ነገሩን በደንብ አላዩትም። ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁት መስፍን ለተሰበሰበው ሰው እንዲሰማ አድርጎ፣

«ምን ላድርግ? ለፈረስ እንደሚጮኸው ጮህኩባት፣ ታጠፈች» አለ።

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ምንም ያልሆነውን የፈረሱን ማሰሪያ ማጥበቅ ያዘ። ያን ቀን መስፍንን ጥርሴ ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ ወዲያ ሌላው ሲያርፍ እኔ ውሃ ላይ ነኝ። ገመዱ መዳፌን ልጦ ጨረሰው። ነፋስ ሲመጣ ውሃው ከሩቅ እንዴት እንደሚጠቁር በዓይኔ መለየት ለመድኩ። ማታ ስተኛ ግን የማስበው ማሸነፉን አልነበረም፤ ያን ልጅ እዚያው ጀሪካን ጋ፣ ያው ሰው እያየ፣ እንደገና ማግኘትን ነበር። እሑዶቹ አለቁ፤ እኔና መስፍን እኩል ሆነን የመጨረሻው ውድድር ደረሰ።

ሰሞኑ ፍቼ ነበር። በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ የተረፈው ሰው ሐይቁ ዳር ፈሷል። ሲዳማዎቹ ጎረቤቶቻችን በፍቼ ቂም አይያዝም፣ የተጣላ ይታረቃል ይላሉ። ደግ ልማድ ነው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ለመታረቅ የሚሆን ሆድ አልነበረኝም።

ጀሪካኑ ጋ ተገናኘን። ነፋሱ ከቀኜ። «ቀኝ!» ብዬ ጮህኩ። መስፍን ፈገግ አለ፤ እንደ ኅዳሩ የምታጠፍ መስሎት ዝም ብሎ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ መሪውን አንድ ስንዝር ብነካው እናልፍ ነበር። አልነካሁትም። በመጨረሻ ሊዞር ሲሞክር የጀልባዬ አፍንጫ የጀልባውን ጎን ሰበረው፤ ክንዱ ከሁለቱ መሀል ገባ። ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ዞር ብዬ ሳላይ ጀሪካኑን ዞሬ አንደኛ ገባሁ።

ዓሣ አጥማጆች አውጥተው ዳር ሲያመጡት ክንዱ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ወልዴ የተሰበረች ጀልባቸውን እያዩ፣ ሕጉ ከእኔ ጋር መሆኑን ተናገሩ። እኔ በሰዉ መሀል አልፌ መስፍን ፊት ቆምኩና፣

«ዛሬ ፈረሱ እንቢ አለ» አልኩት።

ቅቤ ጠጣ አንጀቴ! ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ መቼ እንደመጣ አላየሁም። ሰዉን ገፋ አድርጎ ገባ፣ መስፍንን በእቅፉ አንስቶ ጋሪው ላይ አስተኛውና ጋቢውን አለበሰው። ወደ ሐኪም ቤት ሊነዳ ልጓሙን ሲያነሳ ቀና ብሎ አየኝ።

«ፈረስ እንኳ ፊቱ ሰው ሲያይ ይቆማል» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ አጠገቤ የቆመው ሁሉ ግን ሰምቶታል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ባሕር ዳር ሄድኩ። አባቴ ስንቄን ቋጥሮ፣ ስሞ ሸኘኝ። ስመለስ ጣና ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ፤ ስለ ውድድሩ ግን እስኪሞት ድረስ አንዲት ቃል አላነሳም።

መስፍን ሸብቷል፤ ግራ ክንዱ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም። ፒያሳ ስንገናኝ እንደማይተዋወቅ ሰው እርስዎ፣ እርስዎ እንባባላለን። ለእሱ አዝኜ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ አልፈልግም። የእጁን ነው ያገኘው። ያኔ ግን ለአባቴ የተበቀልኩ መስሎኝ ነበር። መስፍን አንድ ጊዜ አንገቱን አስደፋው፤ ሁለተኛ ያስደፋሁት እኔ ነኝ። አባቴን ይቅርታ ልጠይቀው ዛሬ ነገ ስል ሞተብኝ።