በብርጭቆ ወረቀት የፈተግኋቸው መርፌዎች

በዚያን ቀን መርሳ ሱቃችን ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ከግራና ከተማ የመጡት እናት፣ ሴት ልጃቸው፣ ሱቁን የምንጋራው ልብስ ሰፊና ስልክ ጠጋኙ እኔ።

እናትየው የያዙት የሟች ባለቤታቸውን ስልክ ነበር። ሰውየው መንዙማ ሲያወጡ የተቀዳው ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። አሁን ስልኩ አልበራ አለ።

ባትሪው አብጧል። አውጥቼ ቦርዱን ራሴ የሠራሁት መሞከሪያ ላይ አስቀመጥኩት። መሞከሪያው ከውስጥ በሞላ፣ ማለትም በስፕሪንግ፣ የሚገፉ ሁለት መርፌዎች አሉት፤ በባትሪው ፈንታ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። በቮልት መለኪያ ሜትሬ ለካሁ፤ አራት ቮልት ሙሉ ነው። ማብሪያውን ስጫን ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

«እናቴ፣ ቦርዱ ሞቷል» አልኳቸው።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ይሄ ልጅ ሐኪም ቢሆን ኖሮ መርሳ ሰው አይተርፍም ነበር» አለ። ልጅቷ ሳቀች። እናትየው አልሳቁም።

«አንተ ልጅ፣ የሞተ ነገር ብልጭ ይላል እንዴ? ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እስካሁን የለካሁት ስልኩ ሳይበራ ነው። አሁን ሜትሩን ቦርዱ ላይ እንደያዝኩ ማብሪያውን ተጫንኩ። አራቱ ቮልት ወደ ሁለት ተኩል ወረደ። ከኤሌክትሪክ ምንጩ የሚወጣው ግን አሁንም አራት ነው። የቀረው መንገድ ላይ፣ መርፌዎቹ ጫፍ ላይ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። በፊት ጠቆር ብለው ሳያቸው በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌያቸው ነበር። ያጸዳኋቸው መስሎኝ ስስ የወርቅ ቅባቸውን ልጫለሁ፤ ከሥር ያለው ብረት ደግሞ ዝጓል። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ የሚገናኙት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። እነዚያን ዝገት ከሸፈናቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያለችግር ታልፋለች፤ ስልኩ ተነሥቶ ብዙ ሲጠይቅ ግን ቮልቱ እዚያው ይቀራል።

«አፉ በሉኝ እናቴ፣ የተበላሸው የኔ መርፌ ነው» አልኩ።

በብርጭቆ ወረቀት ካልነካኋቸው ትርፍ መርፌዎች ሁለት አውጥቼ ቀየርኩ። ስልኩ በራ። መንዙማውን ከፈትነው፤ በብሉቱዝ ወደ ልጅቷ ስልክ እስኪያልፍም ቦርዱን በጣቴ ተጭኜ ዓይኔን ከሜትሩ አላነሣሁም።

ስለዚህ የእናትየውን ፊት አላየሁም። ልብስ ሰፊው «አዝማቹን አብረው ይቀበሉ ነበር» ይላል፤ እኔ የሰማሁት የሰውየውን ድምፅ ብቻ ነው። ልጅቷ ይህን ካነበበች፣ እሷ አጠገባቸው ነበረችና፣ የጎደለውን ትሙላልኝ።