ዳርሲ ክሬብስ ያለፈው ፈተና

ዳርሲ ክሬብስ ጋተን በምትባል የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ የሚኖር የሽንኩርት ገበሬ ልጅ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ ብሪስቤን ወዳለው የራግቢ ክለባችን ሲመጣ አንገቱ የኮርማ አንገት ነበር፤ አእምሮው ግን እንደ ምላጭ። ከሜዳ የወጣውን ኳስ መልሶ የሚወረውረው እሱ ነው። ለማን እንደሚወረወር የሚያመለክቱ አርባ የምስጢር ቁጥሮች ነበሩን፤ በየሳምንቱ ይቀየራሉ። እሱ አንዴ አንብቦ ይይዛቸዋል። ዘልዬ የምቀበለው እኔ ግን ጨዋታ መሃል፣ «ሠላሳ አንድ ምን ነበር?» እለዋለሁ።

«አንተ ቀውላላ፣ ዝም ብለህ ዝለል!» ይለኛል።

በየዓመቱ ውድድር ሳይጀመር ሐኪሙ ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጠናል፤ ቃላት አስታውስ፣ ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ቁጠር። በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች እንደገና ይፈተናል። ውጤቱ ከመጀመሪያው ካነሰ አይሰለፍም። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን ለዳርሲ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ቀስ እያልክ ተሳሳት፤ ግን ጨርሰህ ላም አትሁን፣ ይነቁብናል» አልኩት።

«ለመደደብም ልምምድ አለው?» ብሎ ሳቀ።

ዘዴው አሥራ አንድ ዓመት ሠራለት። ራሱን ስቶ በወደቀ በሳምንቱ ይፈተናል፣ ያልፋል፣ ይሰለፋል። ለግዛታችን ለኩዊንስላንድ ቡድን ዘጠና አንድ ጊዜ ተጫወተ፤ ለአውስትራሊያ አንድ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ራሱን የሳተው እኔ እንደማስታውሰው አራቴ ነው። ሚስቱ ታምሲን ዘጠኝ ትላለች።

አርባ ዓመት ሲሞላው የአባቱ እርሻ ላይ ነበር። መጀመሪያ ትራክተሩን የት እንዳቆመ ጠፋበት። ከዚያ የመስኖውን ውኃ ከፍቶ ረሳውና የጎረቤት ማሳ አጥለቀለቀ። መጠጥ ቤት ያሉት፣ «ዳርሲ ጠርሙስ ይዟል» አሉ። በመጨረሻ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የልጁን ስም መጥራት አቃተው።

ለቀድሞ ተጫዋቾች የተቋቋመ የእንክብካቤ ማዕከል አለ። የሚቀበለው ግን አእምሮው መድከሙን ሐኪም ያረጋገጠለትን ብቻ ነው። ታምሲን አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቀችኝ።

ማረጋገጫውን የምትሰጠው ሐኪም ዳርሲን ያንኑ ፈተና ፈተነችውና ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። «ይሄ የሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ይሄ የዛሬው። አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በዚህ ከሄድን ምንም አልቀነሰም።»

«ያኔ ሆን ብሎ ነው የተሳሳተው!» አለች ታምሲን። «የቡድኑን ሁሉ ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር!»

ያስተማርኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ሐኪሟ ጻፈችው።

«ቃልዎን መዝግቤያለሁ፤ ልኬት ግን አይሆነኝም። ከዛሬ ጀምረን እንለካዋለን። በዓመቱ ተመለሱ።»

ዳርሲ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አለፍኩ?»

ታምሲን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አልፈሃል» አልኩት።

«ጎሽ። ቅዳሜ እሰለፋለኋ።»