ዝተት የለበሰው ሰርቨር

ይህ ነገር የደረሰብኝ በዚህ ዓመት ጥር ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ትዝ ባለኝ ቁጥር ሳቄ እያመለጠኝ ሁለቴ ስላስወጣኝ፣ ጽፌ ብገላገለው ይሻላል ብዬ ነው።

የምማረው መሐል ሜዳ የምትባል ብርዳም ከተማ ነው። የትምህርት ቤታችን ድረ ገጽ ያለው በኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ በተቀመጠ አንድ ማሽን ላይ ነው፤ ሰርቨር እንለዋለን። የፈተና ውጤታችን ሁሉ እሱ ላይ ነው። የኮምፒውተር ክበብ ሰብሳቢ ስለሆንኩ የክፍሉ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። በዚያ ቁልፍ ስንት ሰው ላይ ተኩራርቻለሁ!

አንድ አርብ ከሰዓት አስተማሪያችን ቲቸር ጌትነት ጠሩኝ። "ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ክፍተት ተገኝቶበታል። የትም አገር የተቀመጠ ሰው በዚያ ገብቶ ድረ ገጻችንን እንዳሻው ሊያደርገው ይችላል። ማሻሻያው ወጥቷል፤ ዛሬውኑ ጫኚው፣ አደራ!"

"አለቀ በሉት ቲቸር" አልኩ።

አላለቀም። ሞላሌ ከተማ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበረ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሊሄድ ሲል ክፍሉን እንዲዘጉት ቁልፉን ለጥበቃችን ለጋሽ ወንድይፍራው ሰጥቼ ሮጥኩ። ማሻሻያው ትዝ ያለኝ እሁድ፣ እስክስታ መሃል ነው። ትከሻዬ እንደወጣ ቀረ።

"ምን ሆንሽ? ምች መታሽ እንዴ?" አለች እናቴ።

ለቲቸር ለመደወል ፈራሁ።

ሰኞ ጠዋት ቲቸር የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አለቀልኝ!

"አንቺ ጎበዝ!" አሉኝ። "ያንኑ ፕሮግራም የሚጠቀም የሌላ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ውስጥ ገብተው፣ በርዕሰ መምህሩ ፎቶ ፋንታ የቁማር ማስታወቂያ ለጥፈውበታል። የእኛ ግን ከአርብ ማታ ጀምሮ ጠፍቷል። ማሻሻያው እምቢ ቢልሽ አጠፋሽው አይደል?"

ምላሴ "አዎ" ሊል ተንደረደረ። ይሄኔ ጋሽ ወንድይፍራው በሩን ከፈቱልን። ሰርቨሩ ሌሊት ለጥበቃ የሚደርቡትን ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ዝተታቸውን ተከናንቦ ቁጭ ብሏል!

"ምን ላድርግ መምህር" አሉ። "ልዘጋ ስገባ እያጓራ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ውርጭ ግልገል እንኳ እንዲሁ አይተውም። ሲሞቀው ጊዜ ዝም አለ፤ ተኛ ብዬ ደስ አለኝ። እኔማ ይኸው በጋቢ ብቻ ስንቆራመድ ሰነበትኩ።"

ለካ አየር አጥቶ ሲግል ራሱን አጥፍቷል። ቲቸር ጭንቅላታቸውን ያዙ። ጋሽ ወንድይፍራው የተቆጧቸው መስሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። አንጀቴ አልቻለም።

"ቲቸር፣ እኔ ምንም አላደረግኩም። ረስቼው ሠርግ ሄድኩ። ያዳነን ዝተቱ ነው።"

ቲቸር አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈው እስኪያስነባቸው ሳቁ። "ስንከፍተው ክፍተቱ እዚያው ነው እኮ!" ብለው የኢንተርኔት ገመዱን ነቀሉና ማሻሻያውን በፍላሽ አምጥተው አስጫኑኝ።

ቁልፉ ግን እዚያው ጋሽ ወንድይፍራው ኪስ ቀረ። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር። አሁን ግን አርብ እስኪደርስ እቸኩላለሁ። ወደ ቤት ልሄድ ስል ዝተታቸውን ለብሰው የግቢውን በር ይዘጉብኛል።

"ማሻሻያ አለ ወይ ብለሽ አየሽ?"

"አየሁ ጋሼ፤ ጫንኩትም።"

"አልበረደውም?"

"ኧረ አልበረደውም!"

ከዚያ ነው የሚያሳልፉኝ።