ዲዳው ሲያዜም

የያዙኝ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ካርቶን ብስኩት ተሸክሜ ከጅምላ ሱቅ ስወጣ ነው። ፔፐር የምንለው የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ተሰልፌ ሦስቱንም ጊዜ ሳይደርሰኝ በሩ ተዘግቷል። ፖሊሱ አገሬን ሲጠይቀኝ አፌን በጣቴ እያመለከትኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ዲዳ ነኝ ማለቴ ነበር።

ይህ በድንገት የመጣልኝ ሐሳብ አይደለም። አገር ቤት መምህር ሳለሁ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ስምንት ወር ታስሬያለሁ። አብሮኝ የታሰረ ጓደኛዬ በኋላ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተይዞ ተጠረዘ፤ ከአውሮፕላን ሲወርድ ያዩት ሰዎች አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ያየው የለም። ሰውን ወደ አገሩ ለመመለስ አገሩ መታወቅ አለበት። ስለዚህ አገር የሌለው ሰው ለመሆን ወሰንኩ። በመናገር ለተቀጣ ሰው ዝምታ ቀላል ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ማቆያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ሰዓቱን የምናውቀው በምግቡ ነው። ስገባ አንድ ተደራራቢ የብረት አልጋ አየሁ። አንድ ወጣት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ተኝቷል። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ደግሞ ቆመው የላይኛውን አልጋ በካርቶን ቁራጭ ቀስ እያሉ ያራግባሉ። አልጋው ላይ ሰው የለም። አንሶላው ተወጥሯል፤ መሃሉ ላይ በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከጨቅላ ሕፃን ትንሽ የሚያንስ ነገር አለ።

ሰው የማይተኛበት መስሎኝ ወደ ላይ ልወጣ እግሬን ብረቱ ላይ ሳደርግ ወጣቱ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። «ቦታው ተይዟል» አለኝ በእንግሊዝኛ።

ሦስት ቀን መሬት ላይ ሆኜ ያን ጥቅል ሳየው ዋልኩ። ጠዋት ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው፣ ጫማቸውን አውልቀው ያወርዱታል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በለሆሳስ ያናግሩታል። ከእራት በፊት መልሰው ያስተኙታል። የሞተ ልጅ ይሆን ብዬ ፈራሁ። መጠየቅ አልችልም። ሽታ ይኖረው እንደሆነ ብዬ ወደ አልጋው ስጠጋ ሳሙና ሳሙና ብቻ ይለኛል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

በአራተኛው ቀን እያየኋቸው ፈቱት። መጽሐፍ ነው። «ዲዳ ብትሆንም ትሰማለህ» አሉኝና ዝግ ባለ እንግሊዝኛ ያስረዱኝ ጀመር። ሁለቱም ሲኮች ናቸው፣ ከህንድ የመጣ ሃይማኖት ተከታዮች፤ እሳቸው እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት በአናጢነት ኖረዋል። ጠባቂዎቹ ማዳላ ይሏቸዋል፣ በሰፈሩ አነጋገር ሽማግሌ ማለት ነው። ወጣቱ ባባጂ ይላቸዋል፣ አባት እንደማለት። መጽሐፋቸውን ጉሩ ይሉታል፣ መምህር ነው። በሕይወት እንዳለ መምህር ያስነሱታል፣ ያስተኙታል፣ ከእሱ በላይ ማንም አይተኛም። ሙሉው ትልቅ ስለሆነ በጸሎት ቤታቸው ይኖራል፤ ይህ ከእሱ የተወሰደ ክፍል ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ማራገብ ልማድ እንዳልሆነ ወጣቱ ደጋግሞ ይነግራቸዋል። እዚህ ቤት ሌላ የማከብረው የለም ይሉታል። ጨርቁ የራሳቸው ጥምጥም ግማሽ ነው።

ከዚያ ጣታቸውን አንድ ገጽ ላይ አሳርፈው ይህ የሙስሊም ሼህ ግጥም ነው አሉኝ። ሱፊ ነበር፤ መጽሐፉን ያዘጋጀው የጥንቱ ጉሩ አምጥቶ ከራሱ ቃል ጎን አስቀመጠው፣ እኛም እንሰግድለታለን አሉ። አነበቡት። ቃሉን አላውቅም፤ ትንፋሻቸው የሚያርፍበትን ቦታ ግን አስቀድሜ አውቀው ነበር። አባቴ ስልጤ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ መንዙማ ሲያዜም የሚያርፍበት ቦታ ነው። እግሬ ምቱን መምታት ሲጀምር በእጄ ያዝኩት።

ሽማግሌው ሌላም ነገር ነበራቸው፤ አባታቸው የሌሎች ሱፊዎችን ግጥም በእጃቸው የገለበጡበት የተማሪ ደብተር። ከምሳ በኋላ ያነቡታል። ሥርዓት አለው ታዲያ። መጀመሪያ መጽሐፉ ይጠቀለላል፣ ላይኛው አልጋ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ እሳቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ይዘረጋሉ። ወጣቱ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሼህ ጉሩው ያስገባው ነው፣ ይሰገድለታል ይላል፤ የቀሩት ግን ገጣሚዎች ናቸው፣ ጸሎት ባለበት ክፍል ምን ይሠራሉ? ሽማግሌው አይቆጡም። ያልተጠራን ሰው ማዕድ ላይ አላስቀምጥም፣ በደጅ ሲያልፍ ድምፁን ብሰማ ግን ምን አለበት ይሉታል። ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ደብተሩና መጽሐፉ አንድ ላይ እንደማይቀመጡ ነው። እሱን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ሥርዓቱን እያየሁ ሳልረዳው ቀረሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አንድ ሰው ይመጣል። ከየት እንደሚልኩት አላውቅም፤ የማን አገር ሰው እንደሆንን ሊለይ ስለሚመጣ እኔ በልቤ ለዪው እለው ነበር። ግራጫ ሹራብ ይለብሳል፣ ጥያቄ አይጠይቅም። በየበሩ ይቆምና በአማርኛ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እናትህ ታማለች» ይላል። ከዚያ ፊታችንን ያያል። አንድ ማክሰኞ ከጎናችን ካለው ክፍል «መቼ?» ብሎ የመለሰ ሰው ሰማሁ። በሳምንቱ ያ ሰው አልነበረም።

በአርባ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ ፍተሻ መጣ። ሽማግሌው ክሊኒክ ተወስደዋል፣ ወጣቱ ሻወር ላይ ነው። የሚገለበጡት አልጋዎች ድምፅ ከክፍል ክፍል እየቀረበ ሲመጣ መጽሐፉ መሬት ሊወድቅ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እጄን ታጠብኩ፣ ፎጣ ራሴ ላይ ጣል አደረግኩ፣ አወረድኩት። ደብተሩንም ከፍራሹ ሥር አወጣሁና በዚያው ጨርቅ አብሬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ውስጡ አንድ ሙስሊም ካለ ሌሎቹ ቢጨመሩለት ደስ ይለዋል እንጂ ምን ክፋት አለው ብዬ ነው። ለፍተሻ የገባችው ጠባቂ ጥቅሉን አየችና «የማዳላ ነው» ብላ አለፈች። እንዳለ መልሼ አስተኛሁት፤ በራሴም በጣም ኮርቼ ነበር።

ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ጠይቀዋቸው መመለስ አቅቷቸዋል። ቀደም ብሎም በዚያው ሳምንት ጫማቸውን መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አግኝተውታል፤ ማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥቅሉን አውርደው ሲፈቱት ደብተሩ ከመጽሐፉ ጋር ተጣብቆ ወጣ።

ወጣቱ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቃቸው። እጃቸውን እያገላበጡ ያዩት ጀመር። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «እጆቼ ሠርተውታል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም» አሉ።

መጽሐፉን ለወጣቱ ሰጡት። አእምሮዬ ሄዷል፣ ነገ ምን እንደማደርግበት ስለማላውቅ ከእንግዲህ አልነካውም አሉት። ወጣቱ ሊቆጣ የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ይህን ሲሰማ ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀመጡና የአባታቸውን ደብተር ገጽ በገጽ መቅደድ ጀመሩ።

ለዪው ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት ክፍል ቀርቶታል። እስኪያልፍ ልጠብቅ አልኩ። አንድ ገጽ ተቀደደ። ካለፈ በኋላ ሁሉንም አስረዳቸዋለሁ አልኩ። ሁለተኛው ተቀደደ። ፈርቼ ነበር። ሦስተኛውን ሲይዙ «ባባጂ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት» የሚል ድምፅ በእንግሊዝኛ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ሻካራ ነበር። የማን እንደሆነ ለማየት እኔ ራሴ ልዞር ምንም አልቀረኝም። ወጣቱ ወደ ግድግዳው ሸሸ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ደግሞ ዲዳው ያናግረኛል» አሉ።

ይህን አላሰብኩትም። መናገሬ ራሱ ማበዳቸውን አረጋገጠላቸው። ስለ ፍተሻው፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ጠባቂዋ ነገርኳቸው፤ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከእሳቸው ጭንቅላት ሊመጣ የማይችል ነገር ማሰማት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበረኝ። የአልጋውን ብረት በመዳፌ እየመታሁ የአባቴን መንዙማ አነሳሁ። አማርኛና ዓረብኛ የተቀላቀለበት ነው። ሲጀምር ድምፄ ተሰነጣጠቀ፣ ቆይቶ ወጣልኝ። የለዪው የጫማ ድምፅ በራችን ላይ መጥቶ ሲቆም ሰማሁ፤ አላቋረጥኩም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ወጣቱን ጠየቁት፤ «ትሰማዋለህ?»

«እሰማዋለሁ፣ ባባጂ።»

ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሆኖ «ተሳስተሃል ልጄ» አሉኝ። «ሼሁን እዚያ ያስቀመጠው ጉሩው ነው። እኔም ሆንኩ አንተ ማንንም አናስቀምጥም።» እየገሠጹኝ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ተግሣጽ የለም። ወጣቱ ተንበርክኮ የተቀደዱትን ገጾች አንድ በአንድ ከወለሉ ለቀመና በየተራቸው ደብተሩ ውስጥ አስገባቸው።

«ወንድሜ» አለኝ ለዪው በአማርኛ ከበሩ ላይ፣ «ስምህን ማን ልበል?»

አገሬን አውቆታል። ስሜን ብደብቅ ወይም የሌላ ሰው ስም ብሰጠው ምናልባት ጥቂት ሳምንት አገኝ ነበር። አሁን የአባቴን ዜማ አዚሜ አሁን አባቴን መካድ ግን አልሆነልኝም። ብድግ ብዬ ሸሚዜን አስተካከልኩና ስሜን እስከ አያቴ ነገርኩት። ቀስ ብሎ ጻፈው።

ወደ አገሬ የምመለስበት የጉዞ ሰነድ በሦስት ሳምንት ደረሰ። ሽማግሌውና ወጣቱ ከዚያ በፊት ተወስደዋል፤ ተጠረዙ ሲባል ሰማሁ እንጂ የት እንደደረሱ አላውቅም። እኔን ከመጫናቸው በፊት አንዲት ጠበቃ ደረሰችልኝ። በተያዝኩበት በመጀመሪያው ቀን ጥገኝነት መጠየቅ እንደነበረብኝ ከእሷ ነው የሰማሁት፤ መምህር ነኝ ባይ ይህን አላውቅም ነበር። ክርክሩ አላለቀም። ሜይፌር ውስጥ ሰው ሱቅ እሠራለሁ፣ በየስድስት ወሩ ወረቀት አሳድሳለሁ፣ ባሳደስኩ ቁጥር እፈራለሁ። ወዳጆቼ ለአንድ የማታነበው ደብተር ብለህ ልትበላ ነበር እያሉ ይስቁብኛል። ለደብተሩ አልነበረም እላቸዋለሁ፤ አንድ ጤነኛ ሰው በእኔ ዝምታ አበድኩ ብሎ እንዲኖር መተው አቅቶኝ ነው።

ጠበቃዬ ለዪው የሞላውን ቅጽ አሳይታኛለች። ዜግነቱ እንዴት ተለየ በሚለው መስመር ላይ «ሳይጠየቅ ተናገረ» ብሎ ጽፏል። ቅጂውን እንድትሰጠኝ ለመንኳት።