ሳይገለጥ የቀረው እጥፋት

እስቲ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሁለት ረጃጅም ወረቀቶች ተመልከቱ። የላይኛው የሰው ጂን ነው፤ የታችኛው የዓሣ። ሁለቱም ለጡንቻ የሚሆን አንድ ዓይነት ፕሮቲን ያሠራሉ። ጂን ግን እንደ ደብዳቤ ወጥ ሆኖ አይጻፍም፤ መሃሉ ላይ ኢንትሮን የሚባል፣ ለፕሮቲን የማይሆን ረጅም ጽሑፍ ይገባበታል። ሴል እሱን ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ይገጥማል።

የላብራቶሪዋ ቴክኒሻን ግን ኢንትሮኑን አትቆርጠውም፤ የቀረው ጽሑፍ ጎን ለጎን እንዲነበብ ከወረቀቱ ወደ ኋላ ታጥፈዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታጥፍ ኖረች። "እትዬ እጥፋት" የሚል ስም የወጣላትም ለዚሁ ነው።

"እትዬ እጥፋት፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ነው የሚያጥፉት?" ይላታል አንድ ባልደረባዋ።

"ያንተን። ባጥፍ ባጥፍ ቁም ነገር አጣሁበት!"

የኢንትሮኖቹ ርዝመት የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም፣ የሰውና የዓሣው እጥፋት የሚያርፈው እዚያው ፊደል ላይ ነው። እርሾን የመሰሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ደግሞ አብዛኞቹን ኢንትሮኖቻቸውን ጥለዋል። ይህን በጣቶቿ ታውቀዋለች።

የእህቷ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቷ ደረጃ መውጣት አቃታት። የጂን ምርመራው "ምንም የለባትም" አለ። ሐኪሙም "ስንፍና ነው" ብሎ አሰናበታት። ድፍረቱን እዩልኝ! የተነበበው እኮ የተገለጠው ብቻ ነበር። የበሽታው ስም ቶሎ ቢታወቅ እግሯን የሚያቆይ መድኃኒት ነበረ።

ቴክኒሻኗ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"እጥፋቱም ይነበብልኝ።"

"እሱማ መሙያ ነው። ቦታው ይመሳሰላል እንጂ ውስጡ እንደየእንስሳው ይለያያል ያልሽው አንቺው አይደለሽም?"

"ቢለያይስ? ሴሉ በትክክል ካልቆረጠው ትርፍ ጽሑፍ ይቀርበታል! ለዚያ ደግሞ የአንዲት ፊደል ስሕተት ትበቃለች።"

"በይ፣ ማመልከቻ ጻፊ።"

ጻፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት። ጆሮ ዳባ ልበስ! ልጅቷ መጀመሪያ ግድግዳ ይዛ ሄደች፣ ቀጥሎ በምርኩዝ፣ በመጨረሻ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለች።

"አክስቴ፣ እውነት ሰነፍ ነኝ እንዴ?"



በሦስተኛው ዓመት አለቃው ተቀየረ። አዲሷ አለቃ በአንድ ጠዋት ፈረመች። ስሕተቷ ተገኘች፤ በዚያው የጡንቻ ጂን ሰባተኛው እጥፋት ውስጥ፣ ከጠርዙ ርቃ የተቀመጠች አንዲት ፊደል። መድኃኒቱ ያለውን ጡንቻ ያቆያል እንጂ የሟሸሸውን አይመልስም። የልጅቷ እግሮች ደግሞ ሟሽሸው አልቀዋል።

ልጅቷ ውጤቱን እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "አየሽ አክስቴ፣ ሰነፍ አልነበርኩም" አለች። አክስቷ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ሰባተኛውን እጥፋት በጥፍሯ ፈልቅቃ ዘረጋችው። አሁን ቢዘረጋ ምን ይጠቅማል?

እናንተ ግን "ምንም የለም" የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ከበሩ ሳትወጡ ጠይቁልኝ፦ "ያላነበባችሁት የቱን ነው?"